1:28፣ 1:48 ወይስ 1:66? በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ የበርሜል ጥምዝ አመራረጥ

በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ልትገዙ አስባችኋል እንበል። ሻጩ ካሊበሩን፣ ማለትም የበርሜሉን ቀዳዳ ስፋት በኢንች፣ ይነግራችኋል። የበርሜሉን ርዝመት ይነግራችኋል። የሰደፉን እንጨት ሳይቀር ያሞጋግሳል። በመሃል አንዲት ቁጥር ጣል ያደርጋል፦ 1:48፣ ወይም 1:66፣ ወይም 1:28። ብዙ ገዢ ይቺን ቁጥር ሰምቶ ያልፋታል። ጠመንጃው የትኛውን አረር እንደሚወድ፣ የትኛውን ደግሞ ሜዳ ላይ እንደሚበትን የምትናገረው ግን እሷ ናት።

በበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት ቦዮች ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ እየተጠማዘዙ ነው የሚሄዱት። አረሩም እነሱን ተከትሎ እየዞረ ይወጣል። 1:48 ማለት 48 ኢንች ሲጓዝ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት ነው። 1:66 ላይ ለዚያው አንድ ዙር 66 ኢንች ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ጥምዙ ፈጣን ነው፤ ሲበዛ ዘገምተኛ ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ ይምታታበታል። ርዝመቱ 32 ኢንች በሆነ የ1:66 በርሜል ውስጥ አረሩ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ነው ውልቅ የሚለው።

ትንሽ መሰላችሁ? በሰከንድ 1,500 ጫማ የሚበር አረር ከ1:66 በርሜል ሲወጣ በደቂቃ 16,400 ዙር ገደማ እየተሽከረከረ ነው። ከ1:28 ሲወጣ ደግሞ 38,500 ገደማ።

የኔ ምክር አንድ ነው። መጀመሪያ የምትተኩሱትን አረር ወስኑ፤ ከዚያ ጥምዙን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። በመልኩ ወዶ ይገዛና፣ በኋላ የሚስማማውን አረር ፍለጋ ባሩድና እርሳስ ሲጨርስ ይከርማል።

ዋናው ነገር የአረሩ ርዝመት ነው

ድቡልቡል አረር ፊትና ኋላ የለውም። ስለዚህ አየሩ ሊገለብጠው አይችልም። መሽከርከር የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። እርሳሱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ሊቀርበት ይችላል። አንድ ጎኑም በጥቂቱ ሊከብድ ይችላል። ሳይዞር ቢተኮስ ይቺ ጉድለት ከመንገዱ ታስወጣዋለች። እየዞረ ሲሄድ ግን ጉድለቷ በየአቅጣጫው ስለምትዳረስ ጉዳቷ ይቀንሳል። ለዚህ ደግሞ ቀስ ያለ ሽክርክሪት ይበቃል።

ሾጣጣ አረር ሌላ ጉዳይ ነው። ረጅም ስለሆነ አየሩ አፍንጫውን ይዞ ሊገለብጠው ይታገላል። ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ሽክርክሪቱ ብቻ ነው፤ ልክ እንዝርት በደንብ ሲሾር ቆሞ፣ ሲደክም እንደሚንገዳገደው። አረሩ በረዘመ ቁጥር የሚፈልገው ሽክርክሪት ይጨምራል።

«ከባድ አረር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ውጤቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ክብደቱ አይደለም። ካሊበሩ ሳይቀየር ክብደት የሚጨመረው በርዝመት ብቻ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚመስለው።

እ.ኤ.አ. በ1879 ጆርጅ ግሪንሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ምሁር ለዚህ ቀላል ቀመር አወጣ። የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዙት። ውጤቱን በ150 አባዙት። ከዚያ ለአረሩ ርዝመት አካፍሉት። ሁሉም በኢንች ነው። የሚመጣው ቁጥር አረሩ በስንት ኢንች አንድ ዙር መዞር እንዳለበት ይነግራችኋል።

እስቲ እንሞክረው። የ.50 ካሊበር ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ 0.490 ኢንች ውፍረት ያለው ድቡልቡል አረር ይጎርሳል። የድቡልቡል ነገር ውፍረቱም ርዝመቱም አንድ ስለሆነ ሒሳቡ 150 ሲባዛ በ0.490 ብቻ ይሆናል፤ 73.5 ይመጣል። ለዚህ ነው የድቡልቡል አረር በርሜሎች 1:66 እና 1:72 አካባቢ የሚውሉት። አሁን በዚያው .50 ካሊበር አንድ ኢንች የሚረዝም ሾጣጣ አረር እንውሰድ። 37.5 ይመጣል። በ1:66 በርሜል ይህ አረር መንገድ ላይ ይገለበጣል ማለት ነው።

ቀመሩ ግምት ነው የሚሰጠው። ለመነሻ ግን ከማንም የሱቅ ወሬ ይሻላል።

ዘገምተኛው፦ ከ1:60 እስከ 1:72

ይህ የድቡልቡል አረር ቤት ነው። አረሩ ከበርሜሉ ትንሽ ይቀጥናል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ቅባት የጠጣ የጥጥ ጨርቅ እራፊ ነው። ለ.50 ካሊበር የተለመደው ጥምረት የ0.490 ኢንች አረር ከ0.015 ኢንች ጨርቅ ጋር ነው። እርሳሱ የበርሜሉን ግድግዳ አይነካም። ቦዩን ጨብጦ አረሩን የሚያዞረው ጨርቁ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው ያለው። ጥምዙ ፈጣን ሆኖ ባሩዱ ከበዛ፣ ጨርቁ ለመዞር ጊዜ አያገኝም። ቦዮቹን ዘልሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አረሩም በቅጡ ሳይዞር ይሄዳል። ዘገምተኛ ጥምዝ ይህን ያስቀራል። ጨርቁ ሳይጨነቅ ጠንከር ያለ ባሩድ ይችላል።

በ1860ዎቹ ጄምስ ፎርሳይት የተባለ ሕንድ ውስጥ ያገለገለ እንግሊዛዊ መኮንን ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ወሰደው። ለትልልቅ አውሬ የሚሆን ሰፊ ካሊበር፣ ብዙ ባሩድና በ104 ኢንች አንድ ዙር ብቻ የሚዞር ጥምዝ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ካሊበሩ ሰፊ ስለነበር ሒሳቡ ውሃ ያነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። «ዘገምተኛ» የሚባለው ከካሊበሩ አንጻር ነው። ለ.32 ካሊበር የሚሆነው የ0.310 ኢንች አረር በግሪንሂል ቀመር 46.5 ይሰጣል። ስለዚህ ለትናንሽ እንስሳት አደን በሚሠራ .32 ላይ 1:48 ስታዩ አትደናገጡ። ለእሱ ድቡልቡል አረር ትክክለኛው ጥምዝ ነው። ለ.54 ደግሞ ቀመሩ 80 ገደማ ይላል፤ 1:66 ወይም 1:70 ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

የዘገምተኛው ጉድለት ምንድን ነው? አንደኛ፣ ረጅም ሾጣጣ አረር አይሞከርም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የ1:66 በርሜሎች ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹን የሚያቀራርቡት ጠንከር ያለ ባሩድ ሲያገኙ ነው። በ.50 ካሊበር ከ70 እስከ 90 ግሬይን (ግሬይን የባሩድ መለኪያ ነው) ማለት የተለመደ ነው፤ ሠሪው ከፈቀደው ጣራ ግን እንዳታልፉ። ሦስተኛው የጥምዙ ሳይሆን የድቡልቡል አረር ጉዳይ ነው፦ አየር ቶሎ ያደክመዋል። 100 ያርድ ሲደርስ ከፍጥነቱ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ጥሏል። ከዚያ ርቀት ማዶ ማደን የሚያስብ ሰው ሌላ አረር ይፈልግ።

ፈጣኑ፦ ከ1:20 እስከ 1:32

ረጅም ሾጣጣ አረርና ሳቦት የሚባለውን የፕላስቲክ ልባስ ለብሶ የሚወጣውን አረር የሚፈልግ ሰው እዚህ ነው የሚመጣው። ኢንላይን የሚባሉት፣ ማቀጣጠያቸው ከበርሜሉ ኋላ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው የዘመኑ ጠመንጃዎች በብዛት 1:28 ናቸው። የላይማን ኩባንያ ጉዳዩን ግልጽ አድርጎ አሳይቶታል። ግሬት ፕሌይንስ ራይፍል የተባለውን ለድቡልቡል አረር በ1:60 ሠራ። ግሬት ፕሌይንስ ሀንተር የተባለውን ወንድሙን ደግሞ ለሾጣጣ አረር በ1:32። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስማቸውን አሳጥሮ ለሚሸጥላችሁ ሰው ተጠንቀቁ።

ፈጣን ጥምዝ ግን የኢንላይን ፈጠራ አይደለም። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1850ዎቹ የሠራው ጠመንጃ .451 ካሊበር፣ የውስጡ ቀዳዳ ስድስት ማዕዘን፣ ጥምዙም 1:20 ነበር። በ1857 በተደረገው ሙከራ የእንግሊዝ ጦር ይይዘው የነበረውን ኤንፊልድ በርቀት ተኩስ በሰፊው በልጦታል። በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ዊምብልደን ላይ የተኩስ ውድድሩን ስትከፍት የተኮሰችው በዚሁ ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃው በብረት ማቆሚያ ላይ ታስሮ እሷ የሐር ገመድ ብቻ ሳበች፣ አረሩም 400 ያርድ ርቆ ከዒላማው መሃል ተጠግቶ አረፈ። ጦሩ ግን አልወሰደውም። ዋጋው ከፍተኛ ነበር፤ ጥቀርሻም ቶሎ ይይዘው ነበር።

ርቀት ላይ እነዚህ ጠመንጃዎች ምን ያህል እንደሚሄዱ ማየት ለሚፈልግ የ1874ቱ የክሪድሙር ውድድር አለ። ኒው ዮርክ አጠገብ አይሪሾች በአፈሙዝ በሚጎርስ የሪግቢ ጠመንጃ፣ አሜሪካኖች ከኋላ በሚጎርስ ሻርፕስና ሬሚንግተን ገጠሙ። ርቀቱ 800፣ 900 እና 1,000 ያርድ ነበር። አሜሪካኖች 934 ለ931 አሸነፉ። አንድ አይሪሽ ተኳሽ በስህተት የሌላ ሰው ዒላማ መምታቱን ስታስቡ፣ የድሮው ጠመንጃ እንዳልተዋረደ ይገባችኋል።

ታዲያ ድቡልቡል አረር በ1:28 አይሄድም? ይሄዳል፣ በልክ ከሆነ። ባሩዱን ወደ 40 ወይም 50 ግሬይን ዝቅ አድርጉት። ጠበቅ ያለ ጨርቅ ስጡት። እስከ 50 ያርድ ድረስ ወረቀት ላይ ደህና ሊመታ ይችላል። ለአደን በዚያ ላይ አትመኩ።

ሳቦትን አስባችሁ 1:28 የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የአደን ሕጉን ጠይቁ። ለምሳሌ የአሜሪካዋ ኮሎራዶ በአፈሙዝ ጎራሽ የአደን ወቅት ሳቦት አትፈቅድም። እዚያ ለሚያድን ሰው ቀሪው ምርጫ ያለልባስ የሚጎርስ ሙሉ ካሊበር ሾጣጣ ወይም ድቡልቡል አረር ነው። ሾጣጣው ብዙ ጊዜ ረጅም ስለሆነ ፈጣኑ ጥምዝ አሁንም ያገለግለዋል።

መካከለኛው 1:48፣ ብዙ የሚታማው

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ሰው 1:48 ይገዛል። ቶምሰን ሴንተር የተባለው ኩባንያ በ1970 ያወጣው ሆውከን የተባለ ጠመንጃ ይህን ጥምዝ ይዞ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ሐሳቡ ድቡልቡሉንም አጭር ሾጣጣውንም በአንድ በርሜል መተኮስ ነው። ማክሲ ቦል የሚባለው አጭርና ወፍራም አረር የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ተቺዎቹ «ሁለቱንም ግማሽ በግማሽ ነው የሚሠራው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለድቡልቡሉ በደንብ ይሠራል። በሴንት ሉዊስ የነበሩት የሆውከን ወንድማማቾች ለተራራ አዳኞች የሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎችም በብዛት 1:48 አካባቢ ነበሩ፤ ይተኩሱ የነበረው ደግሞ ድቡልቡል አረር ነው። 1:48 የሚቸገረው በረጅሙ ሾጣጣ ነው። በ.50 ካሊበር አንድ ኢንች ያለፈ አረር ሰጥታችሁት ቢበታትን አትፍረዱበት። ሒሳቡን ቀደም ብለን ሠርተነዋል፤ 37 ነው የሚለው። ሳቦትም እንደ ዕድሉ ነው፤ አጭር የሽጉጥ አረር የያዘ አንዳንዴ ይስማማዋል፣ ረጅሙ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

አንድ ጠመንጃ ብቻ ሊኖረው ለሚችልና ከ100 ያርድ በታች ለሚተኩስ ሰው እኔ 1:48 ስጡት እላለሁ። ድቡልቡል ብቻ እተኩሳለሁ ለሚል ሰውም ቢሆን ክፉ ምርጫ አይደለም።

ኤንፊልዱስ?

እዚህ ላይ የነቃ አንባቢ ይይዘኛል። የ1853ቱ ኤንፊልድ .577 ካሊበር ሆኖ ጥምዙ 1:78 ነው። የ1861ዱ የአሜሪካ ጦር ስፕሪንግፊልድ .58 ሆኖ 1:72። ሁለቱም ሾጣጣውን የሚኒዬ አረር ነው የተኮሱት። አንድ ኢንች ለሚሆን አረር ቀመሩ 50 አካባቢ ይላል። ታዲያ እንዴት ሆነ?

መልሱ አረሩ ጭራ ላይ ነው። የሚኒዬ አረር ከኋላው ባዶ ነው። ክብደቱ ወደ አፍንጫው ስለተጠጋ አየሩ በቀላሉ አይገለብጠውም፤ ቀስ ያለ ሽክርክሪትም ይበቃዋል። ባሩዱ ሲነድ ያ ባዶ ጭራ ይሰፋና ቦዩን ይጨብጣል። ለዚህ ነው ወታደር ልቅ አረር ያለችግር ቶሎ ማጉረስ የቻለው። ያም ሆኖ ፈጠን ያለ ጥምዝ ጠቅሟል፤ በ1858 የወጣው የባሕር ኃይሉ አጭር ኤንፊልድ በአምስት ቦይና በ1:48 ስለተሠራ ዛሬም ድረስ ተወዳዳሪዎች ይሹታል። የነዚህን ቅጂ የሚገዛ ሰው ጭራው ባዶ የሆነውን አረር ይተኩስ። ድፍን ሾጣጣ በ1:78 ውስጥ ማጉረስ እርሳስ ማባከን ነው።

የቦዩ ጥልቀት የሚረሳው ነገር

ሁለት የ1:48 በርሜሎች ፍጹም የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ጥልቀቱ ነው ምክንያቱ። ለጨርቅና ለድቡልቡል የተሠራ ቦይ ከ0.010 እስከ 0.012 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ይጠልቃል፤ ጨርቁ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ለሾጣጣና ለሳቦት የተሠራው ከ0.003 እስከ 0.006 ብቻ ነው። በጥልቅ ቦይ ውስጥ ሾጣጣ አረር ስትተኩሱ ጋዙ በጎን ያመልጣል፤ ሳቦትም በደንብ አይጠብቅም። በጥልቀት በሌለው ቦይ ውስጥ ደግሞ ወፍራም ጨርቅ ለማጉረስ መዶሻ ያሰኛችኋል።

ስለዚህ ሻጭ ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ጥምዙንና ጥልቀቱን። ጥልቀቱን ካላወቀ አፈሙዙን በመብራት ተመልከቱ። ሸንተረሩ (በቦዮቹ መካከል ከፍ ያለው) እና ቦዩ በዓይን በግልጽ የሚለዩበት፣ ጣት ሲነካው የሚቆረቁር ከሆነ ጥልቅ ነው።

ጥምዙን በቤት መለካት

አሮጌ ጠመንጃ ከገዛችሁ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። አስቀድማችሁ ጠመንጃው አለመጉረሱን አረጋግጡ። ዘንጉን እስከ ታች ስደዱና በአፈሙዙ ልክ ጣታችሁን ያዙበት፤ አውጥታችሁ ከበርሜሉ ጎን አስተኙት። ጫፉ እስከ በርሜሉ ቂጥ ካልደረሰ ውስጡ የሆነ ነገር አለ።

ቀጥሎ እጀታው ላይ በነፃነት የሚዞር የማጽጃ ዘንግ ያዙ። ጫፉ ላይ ጠበቅ ያለ እራፊ ጠምጥማችሁ ትንሽ አስገቡት። ዘንጉ ላይ በአፈሙዙ ልክ በማርከር መስመር አድርጉ፤ ወደ ላይ የሚያይ ነጥብም ጨምሩበት። አሁን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ዘንጉ በራሱ መዞር ይጀምራል። ነጥቡ ከላይ ተነስቶ ወደ ጎን ሲደርስ ሩብ ዙር ሆነ ማለት ነው፤ አቁሙ። መስመሩ ወደ ውስጥ ስንት ኢንች እንደገባ ለኩና በአራት አባዙት። 12 ኢንች ከሆነ 1:48 ነው። 16 ኢንች ተኩል ከሆነ 1:66። 7 ኢንች ከሆነ 1:28። ጨርቁ ተንሸራቶ እንዳያታልላችሁ ደጋግሙት። ሙሉ ዙር የምትጠብቁ ከሆነ በብዙዎቹ በርሜሎች ውስጥ አታገኙትም፤ ርዝመቱ አይበቃም።

ወረቀቱና እራፊው የሚነግሯችሁ

ምርጫችሁ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ተኩሱ ነው። ሾጣጣ አረር ስትተኩሱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ እዩ። ክብ ከሆነ ጥሩ። ሞላላ ከሆነ፣ ወይም አረሩ በጎኑ ያለፈ ከመሰለ፣ ሽክርክሪቱ አልበቃም። አጠር ያለ አረር ሞክሩ። ባሩድ መጨመር ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ነገር ግን በተሳሳተ ጥምዝ ላይ ባሩድ እየጨመሩ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ድቡልቡል አረር ከሆነ ከፊት ለፊት ሄዳችሁ እራፊዎቹን ልቀሙ፤ አፈሙዙ ፊት ለፊት ጥቂት ሜትር ላይ ተበትነው ታገኟቸዋላችሁ። ደህና እራፊ መሃሉ ድፍን ነው። አረሩ የተቀመጠበት ቦታ ክብ ጥቁር ምልክት ይኖረዋል፤ ዙሪያውን የቦዮቹ አሻራ በእኩል ርቀት ይታያል። ዳሩ በጥቂቱ ቢነጫጭ ግድ የለም። በምላጭ የተሰነጠቀ መስሎ ከተገኘ የአዲሱ በርሜል ሸንተረር ሹል ስለሆነ ነው፤ ከብዙ ተኩስ በኋላ ራሱ ይለሰልሳል። መሃሉ ከተቃጠለ ወይ ቅባቱ አንሷል ወይ ጨርቁ ስስ ነው። ባሩድ በጨመራችሁ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ድንገት የሚበታተኑ ከሆነና እራፊው ላይ የቦዩ አሻራ ደብዝዞ ወይም ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ጨርቁ ቦዩን እየዘለለ ነው። ባሩዱን ቀንሱ፤ ጨርቁን አወፍሩ።

ስለ ባሩዱ ካነሳን፣ ጥቁር ባሩድ ወይም ለዚሁ የተሠራ ምትክ ብቻ ነው የሚገባው። ሠሪው ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ጭስ አልባ ባሩድ ጥቂቱም እነዚህን በርሜሎች ሊያፈነዳ ይችላል። የባሩዱ ቅንጣት ለ.50 ካሊበርና ከዚያ በላይ በብዛት ባለ ሁለት ኤፍ፣ ለትናንሾቹ ባለ ሦስት ኤፍ ነው፤ ኤፉ ሲበዛ ቅንጣቱ ይደቃል።

በእጃችሁ ያለው ጠመንጃ የማይስማማ ጥምዝ ይዞ ከተገኘስ? ወዲያው አትሽጡት። እንደ ሆውከን ባሉት ላይ በርሜሉ ከኋላ በመንጠቆ፣ ከሥር ደግሞ በአንዲት ቁልፍ ብረት ነው የሚያዘው። ብረቷን ወደ ጎን ገፍታችሁ ስታወጡ በርሜሉ ከሰደፉ ይነሳል። ስለዚህ ለአንድ ሰደፍ ሁለት በርሜል መያዝ ይቻላል፤ አንዱ 1:66 ለድቡልቡሉ፣ ሌላው 1:28 ለሾጣጣው። ሁለተኛውን ስትገዙ የበርሜሉን ስምንት ማዕዘን ውጪያዊ ስፋት አስቀድማችሁ ለኩ። በቶምሰን ሴንተር የ.50 ሆውከን ላይ ከአንዱ ጠፍጣፋ ጎን እስከ ተቃራኒው 15/16 ኢንች ነው፤ የአንድ ኢንች በርሜል ብታመጡ እንጨቱን ሳትፍቁ አይገባም። መንጠቆውም ከጠመንጃው ሠሪ ጋር የሚገጥም መሆኑን ጠይቁ።